ካፍ የወጣ አፋፍ

(የማኅበራችን የቴያትር ክፍል አባሎች ተውኔታቸውን በደጀን ከተማ ባሳዩበት ዕለት መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ያደረጉት ንግግር)

ቴያትር ራሱ መናገር ሲገባው አስቀድሞ የሚናገርለት ሰው ማቆም እንደ ድፍረት ይቈጠር ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ የምናሳያችሁ ተውኔት በዚህ አዳራሽ ውስጥ በብዙዎቻችን ኪስ ስላለ ነገር የሚናገር ነውና፤ ለምን እንደ ጻፍነው፣ ስለ ምንስ እንዲህ አድርገን እንደ ጨረስነው ገልጸን ብንጀምር ይሻላል ብለን አሰብን። ተዋንያኑ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመው ይጠብቃሉና ነገሩን ለማሳጠር እንሞክራለን።

ደጀን በአፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዚህ ጥቂት ራመድ ብሎ ለቆመ ሰው የዓባይ ሸለቆ ከእግሩ በታች ነው፤ ማዶው ጎሐ ጽዮን ነው። ልጆች ሳለን ከአፋፉ ላይ ድንጋይ እየለቀቅን ሲንከባለል ማየት ትልቅ ጨዋታችን ነበር። ድንጋዩ መጀመሪያ ይታያል፤ ቀጥሎ ድምፁ ብቻ ይሰማል፤ ኋላም ድምፁ ይጠፋል። አንድ ቀን በመንገድ የሚያልፉ ሽማግሌ አይተውን በትራቸውን አነሡና «ታች ሰው የለም ያላችሁ ማን ነው?» ብለው ገሠጹን። እኛ ግን ታች ሰው ይኑር አይኑር አስበንም አናውቅም ነበር። ድንጋዩ ከዐይናችን ከተሰወረ ለእኛ ነገሩ አለቀ።

አባቶቻችን «ካፍ የወጣ አፋፍ» የሚሉት ቃል አንድ ጊዜ ከተለቀቀ መመለሻ የሌለው መሆኑን ሲያስረዱ ነው። ዛሬ ግን ቃሉ የሚለቀቀው ከአፍ ብቻ አይደለም፤ ከአውራ ጣትም ይለቀቃል። ተውኔታችንም የሚናገረው ስለዚሁ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ በክፍል ውስጥ ቆማ የእንግሊዝኛ ምንባብ ስታነብ አንድ ቃል ያደናቅፋታል። ደግማ ትሞክረዋለች፤ ይብስባታል። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ይህን በስልኩ ይቀርጻል። ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ጨዋታ ወዳድ ነው። ማታ ያችን ጥቂት ሰከንድ የማትሞላ ፊልም የሣቅ ድምፅ ጨምሮባት በክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ይለቃታል። በማግሥቱ በቲክቶክ ትታያለች። ሳምንት ሳይሞላት ቢቸናና ደብረ ማርቆስ ትደርሳለች፤ ዓባይንም ተሻግራ አዲስ አበባ በቀን ሥራ የሚኖረው የልጅቱ ወንድም ዘንድ ትገባለች። ልጅቱን ያደናቀፋት ቃል ቅጽል ስሟ ይሆናል። በገበያ ቀን ጤፍ ለመሸጥ ከእናቷ ጋር ስትወጣ አይታው የማታውቀው ጎረምሳ በዚያ ስም ይጠራታል። እናትየዋ የስሙን ትርጉም ስለማታውቅ «ወዳጅሽ ነው እንዴ?» ብላ ፈገግ ትላለች። ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቱ የምትናገረው እያነሰ ይሄዳል። የቀረውን ከመድረኩ ታዩታላችሁ።

«ይህ ታሪክ የማን ነው?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ እናውቃለን። የማንም አይደለም። የተጻፈበት ምክንያት ግን እውነተኛ ነው፤ እርሱንም መናገር ለእኛ ቀላል አይደለም።

ባለፈው ዓመት በዩኒቨርሲቲው ግቢ የዚህ አካባቢ ልጆች ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ የድሮ የትምህርት ቤት ጨዋታ ተነሣ። ከመካከላችን አንዱ ከዓመታት በፊት ከእኛ ጋር ትማር የነበረች አንዲት ልጅ በስልክ ተቀርጻ የተሣቀባትን ነገር አስታወሰ። ሁላችንም ሣቅን። ቅጽል ስሟንም ወዲያው በአንድ ድምፅ ጠራነው። ሣቁ ሲበርድ አንዲት እህታችን «ለመሆኑ ስሟ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀች። ዝም አልን። የምትቀመጥበትን ወንበር ያስታወሰ ነበር፤ የአባቷን ስም ያስታወሰም ነበር። የራሷን ስም ለማግኘት ግን ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ፈጀብን። ትምህርቷን በዓመቱ አጋማሽ እንዳቋረጠችም ያን ጊዜ ትዝ አለን። ለምን እንዳቋረጠች ከእኛ መካከል የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያም «ያን ፊልም ለሌላ ሰው ያላስተላለፈ ከመካከላችን ማን አለ?» ተባባልን። እጁን ያነሣ አልተገኘም። ፊልሙን ያነሣው ልጅ ከእኛ ጋር አልነበረም፤ እስከዚያ ቀን ድረስም ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ይመስለን ነበር። ነገር ግን እርሱ ድንጋዩን የለቀቀው አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ እየተቀባበልን ወደ ታች ያደረስነው እኛ ነን።

ያችው እህታችን ልጅቱን ፈልጋ አገኘቻትና በሁላችንም ስም ይቅርታ ጠየቀቻት። ልጅቱም በጨዋ አንደበት ተቀበለቻትና የሣቁትን እንዳልቈጠረቻቸው፤ ያልሣቁት ግን ለምን ወደ እርሷ እንዳልመጡ እስከ ዛሬ ድረስ እንዳልገባት ነገረቻት። ተውኔቱን ያስጻፈን ይህ መልስ ነው። የእርሷን ታሪክ በመድረክ ላይ ማውጣት ግን ሁለተኛ ጊዜ ለሕዝብ ማሳየት ስለሚሆንብን ትተነው ሌላ ታሪክ ፈጠርን። ከእናንተ መካከል የምታውቋት ብትኖሩ ስሟን እንዳታነሡ አደራ እንላችኋለን።

ክቡራን አባቶችና እናቶች፤ «ይህ ሁሉ የስልክ ጣጣ ነው፤ በእኛ ጊዜ አልነበረም» እንደምትሉ እንገምታለን። ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን አይደለም። ስልኩ ጭካኔን አልወለደውም። በዚሁ በአገራችን ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ እያለ ከማዕዱ ያራቀ፣ ልጁን እንዳያገቡበት የከለከለ ሕዝብ ስልክ አልነበረውም። የሚሸሙሩ፣ ቅጽል ስም የሚያወጡ፣ በዘፈን የሚነካኩ ሰዎችም ጥንት ነበሩ፤ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለውንም ተረት ያወጡት እነዚሁ ጥንት የተወጉት ናቸው።

የቅርብ ጊዜውንም ብናስብ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ቲክቶክም ቴሌግራምም ያልነበረባቸው ወራት ነበሩ። ታዲያ በዚያ ጊዜ በሰው ላይ መሣቅ ቀረ እንዴ? አልቀረም። ቀድሞ የተነሣው ፎቶግራፍና ፊልም ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር ይሻገር ነበር፤ የማይሻገረውም በቃል ይወራ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ የእግር መንገድ ተገኘለት። ስለዚህ ስልክን ብቻ መርገም ከጥፋተኝነት አያድነንም።

የሆነ ሆኖ ስልኩ አንዳንድ ነገር ለውጧል፤ ይህንንም መካድ አይገባም። በቀድሞው ጊዜ ሰው ሰውን ቢሰድብ ተሳዳቢው ይታወቃል። ሽማግሌ ይላክበታል፤ ጥፋቱ ከባድ ከሆነም ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ካሳውን ይከፍላል፤ ነገሩም ይዘጋል። አሁን ግን ሽማግሌው ወደ ማን ይሂድ? ለአንድ ሺህ ተመልካች ሽማግሌ አይላክም። በቀድሞው ጊዜ የተሰደበ ልጅ ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ስድቡ ውጭ ይቀራል። አሁን ግን አብሮት ይገባል፤ ከትራሱም ሥር ያድራል። በቀድሞው ጊዜ ተሳዳቢው የተሰዳቢውን ፊት ያያል፤ ፊቱ ሲቀየርና ዐይኑ እንባ ሲያቀርር አይቶ የሚያፍርና የሚያቆም ብዙ ነበር። አሁን ግን የሚያየው ቍጥር ብቻ ነው፤ ቍጥርም አያለቅስም።

እንግዲህ ስለዚህ ነገር ለመናገር ከንግግርና ከጽሑፍ ይልቅ ቴያትርን የመረጥንበት ምክንያት አለን። በስልክ ላይ የሚስቅ ሰው ብቻውን በጨለማ ውስጥ ይስቃል፤ ማንም አያየውም። በቴያትር ቤት የሚስቅ ሰው ግን በጎረቤቱ ፊት ይስቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ገቢር የአዳራሹን መብራት አናጠፋም። የመብራቱ ሠራተኛ ረስቶት እንዳይመስላችሁ። ገቢሩንም ሆን ብለን አሥቂኝ አድርገነዋል፤ ልጅቱ ስትደናቀፍ ምናልባት ትስቁ ይሆናል። ሣቃችሁን አትቈጡት፤ ነገር ግን ሲያልፍላችሁ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ተመልከቱ።

ከተማሪዎች አንዳንዶቹ «ቴያትር ራሱ ማሾፍ አይደለም ወይ?» ሊሉን ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የአገራችን ዘመናዊ ቴያትር የጀመረው በስላቅ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከመቶ ዓመት በላይ ከሆነ ጊዜ በፊት የአውሬዎችን ኮሜዲያ «ፋቡላ»ን ሲያሳዩ ተመልካቾቹ ሹማምንትና መኳንንት ነበሩ፤ በአውሬ ልብስ የተተቹትም እነርሱው ነበሩ። ተውኔቱ ስለዚህ ተከለከለ። እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው፦ ተክለ ሐዋርያት ያሾፉት ሊቀጧቸው በሚችሉ ሰዎች ላይ ነው። እኛ በዚያች ልጅ ላይ የሣቅነው ምንም ልታደርገን ስለማትችል ነው። ወደ ላይ የተወረወረ ስላቅ ድፍረት ይባላል፤ ወደ ታች የተወረወረ ግን ግፍ ነው። «ቀልድ እኮ ነው» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ወደ የት እንደ ወረወረው ጠይቁት።

የጎጃም ሰው ለቴያትር እንግዳ አይደለም። ዮፍታሔ ንጉሤ በደብረ ኤልያስ ተወልዶ በቅኔ ትምህርት ያደገ ሰው ነው። ከዚያም አዲስ አበባ ገብቶ አስተማሪ ሆነ፤ ተውኔት እየጻፈም ተማሪዎቹን በመድረክ ላይ አቆመ። በጠላት ወረራም ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴያትር ጥበባት ትምህርት ቤት የሚጠራው በስሙ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች መድረክ ላይ ወጥተው ለወላጆቻቸው የሚናገሩት ነገር ቢኖራቸው ከውጭ አገር የመጣ ልማድ አድርጋችሁ እንዳታዩብን እንለምናለን፤ ያገራችን ልጅ የጀመረው ሥራ ነው።

አሁን ስለ ተውኔቱ መጨረሻ እንናገር፤ ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን እርሱ ነበርና።

በመጀመሪያው ጽሑፋችን ልጅቱ በመጨረሻው ገቢር ትሞት ነበር። ከመካከላችን አብዛኞቹ ይህን ደገፉ። ምክንያታቸውም ያገራችን ተመልካች ካላለቀሰ ቴያትር አየሁ አይልም የሚል ነው። ከደብረ ማርቆስ አጠገብ የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህን ሞት ባይጽፉ ኖሮ መጽሐፉ እንዲህ በልብ ባልቀረ ነበር ብለው ተከራከሩ። ከእነርሱ በቍጥር ያነሱት ግን ሁለት ነገር መለሱ።

አንደኛው መልስ ስለ ልጆቹ ነው። የጀርመኑ ደራሲ ጎይተ እ.ኤ.አ. በ1774 ስለ ወጣቱ ቬርተር የጻፈው መጽሐፍ ራሱን ስላጠፋ ወጣት የሚተርክ ነበር። መጽሐፉ በአውሮፓ ሁሉ ተነበበ፤ ወጣቶችም እንደ ቬርተር መልበስ ጀመሩ፤ አንዳንዶቹ በሞቱም ይከተሉታል የሚል ሥጋት ስለ ተፈጠረ በላይፕሲክ ከተማ በተከታዩ ዓመት ታገደ። ከ200 ዓመት በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ የዚህ ዓይነቱ መከተል በሳይንስ ተጠንቶ በቬርተር ስም ተሰየመ። በተጨነቀ ልጅ ፊት ሞትን እንደ መፍትሔ አሳምሮ ማሳየት አደገኛ ነው ማለት ነው። በዚህ አንጻር የሞዛርት «አስማታዊው ዋሽንት» የሚባል የመድረክ ሥራ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1791 በቪየና ታየ። በውስጡ ፓፓጌኖ የሚባል ወፍ አዳኝ ተስፋ ቈርጦ ራሱን ሊያጠፋ ሲል ሦስት ልጆች ደርሰው የረሳውን ደወል ያስታውሱታል፤ በዚህም ይድናል። እ.ኤ.አ. በ2010 የቪየና ተመራማሪዎች ሰው ከጭንቀቱ እንዴት እንደ ወጣ መናገር ሌላውንም ሊያድን እንደሚችል ሲያስረዱ ለነገሩ የፓፓጌኖን ስም ሰጡት። ሦስቱ ልጆች ምንም ታላቅ ሥራ አልሠሩም፤ በጊዜ ደረሱ፣ ተናገሩት፤ ይኸው ነው።

ሁለተኛው መልስ ስለ ተመልካቹ ነው። ልጅቱ ከሞተች ተመልካቹ ያለቅሳል፤ አልቅሶም ቤቱ ይሄዳል። ዕንባው ካሳ የከፈለ ያስመስለዋል። ነገር ግን በሕይወት ብትኖርና ሰኞ ጧት ተመልሳ ወደ ትምህርት ቤት ብትመጣ፣ አጠገቧ የሚቀመጠው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ዕንባ አያስፈስስም፤ ሥራ ግን ያዛል። ክርክሩ ሦስት ሌሊት ፈጀብን፤ በመጨረሻ ልጅቱ እንድትኖር በአንድ ድምፅ ወሰንን። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሬሳ አታዩም። የምታዩት ባዶ ወንበር ነው፤ ወንበሩም ከልጅቱ አጠገብ ነው።

ስለ በሽታው ራሱም ጥቂት መናገር ይገባናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑት ከ7ቱ አንዱ የአእምሮ ጤና መታወክ ይደርስበታል፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉትም ዘንድ ራስን ማጥፋት ከሞት ምክንያቶች 3ኛው ነው። ይህን ስንል አንድ ቅጽል ስም ብቻውን ሰው ይገድላል ማለታችን አይደለም። ሰው የሚጨነቅበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ድህነት አለ፤ የቤት ውስጥ ጠብ አለ፤ በክልላችን ባለፉት ዓመታት በደረሰው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ያለ ትምህርት ቀርተዋል። አንድ ልጅ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ሳለ እኛ ከላይ የምንጨምርበት ጠጠር ቀላል ይመስለናል። ለእኛ ጠጠር ነው፤ ለተሸካሚው ግን በጭነት ላይ የተጨመረ ጭነት ነው።

በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ለመላው አገሪቱ የአእምሮ ሕክምና መጠጊያ ሆኖ ቆይቷል። እኛ ግን የዚህን ሆስፒታል ስም ስድብ አድርገነዋል፤ «አማኑኤል ይውሰዱህ» እንባባላለን። የመዳኛውን ቤት ስም ስድብ ካደረግነው የታመመው በየት በኩል ይግባ? እግሩ የተሰበረ ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ ማንም አይስቅበትም። እንቅልፍ የራቀው፣ ምግብ ያስጠላው፣ ከሰው የሸሸ፣ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ልጅም ታሟል እንጂ አልባለገም። ወላጆች ልጃቸውን ወደ ጠበል ቢወስዱ የሚነቅፍ ከእኛ ወገን የለም፤ ጸሎትና ሐኪም አይጣሉምና። የምንለምነው ጠበሉን ብላችሁ ጤና ጣቢያውን እንዳትተዉ ነው።

ሕግም መኖሩን ማወቅ ይጠቅማል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ሰውን ማስፈራራትን፣ ደጋግሞ መልእክት እየላኩ ማስጨነቅን፣ ስም ማጥፋትን በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ነገር ግን እኛ የ15 ዓመት ልጅ በቀልድ ምክንያት ወደ እስር ቤት ሲሄድ ማየት አንፈልግም። ሕጉ ለከባዱ ነገር ይቆይ፤ በራቁት ፎቶግራፍ የሚያስፈራሩ፣ ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች አሉና፤ እንዲህ ያለው ያጋጠማት ልጅ አፍራ ዝም እንዳትል፣ የመጣላትንም መልእክት እንዳታጠፋው እንመክራለን፤ ማስረጃዋ ነውና። ለቀረው ግን ከፖሊስ በፊት የሚደርስ ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ የምንጠይቀውን ጠይቀን እንጨርስ።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ በስልክ ተበድላ ብትነግራችሁ መጀመሪያ «አንቺ ምን አድርገሽ ነው?» አትበሏት። ስልኩንም ወዲያው አትንጠቋት። ስልኬን እነጠቃለሁ ብላ የምትፈራ ልጅ ሁለተኛ አትነግራችሁም። የስልኩን ጽሑፍ ማንበብ የማትችሉ ብትኖሩ አትሸማቀቁ፤ የልጃችሁን ፊት ማንበብ ታውቃላችሁ፤ ከስልኩ ይልቅ የሚነገረው እዚያ ላይ ነው።

መምህራኖቻችን ሆይ፤ ተማሪ በክፍል ውስጥ ሲሳሳት የሚስቀውን ዝም አትበሉት። ስሕተት የሚሣቅበት ክፍል ውስጥ ማንም እጁን አያነሣም፤ እጅ የማይነሣበት ክፍል ደግሞ ትምህርት ቤት አይደለም። በተውኔታችን ውስጥ ያለው መምህር ክፉ ሰው አይደለም፤ በዚያች ደቂቃ ግን ራሱም ፈገግ ብሏል። ፊልሙም ሲሠራጭ የመምህሩ ፈገግታ አብሮ ተሠራጭቷል።

ተማሪዎች ሆይ፤ የምንናገራችሁ ከእናንተ ተሽለን አይደለም፤ ቀድመን ስላጠፋን ነው። በሰው ላይ የሚሣቅበት ነገር በስልካችሁ ሲደርስ እዚያው እናንተ ዘንድ ይቁም። ይህን ማድረግ ግን ግማሽ ሥራ ብቻ ነው። ያልሣቁት አልመጡም ያለችውን አስታውሱ። ዝም ያለ ሰው «እኔ የለሁበትም» ይላል፤ ተበዳይዋ ግን የሣቀውንና ዝም ያለውን የምትለይበት ምልክት የላትም። ስለዚህ ሂዱ፤ አጠገቧ ተቀመጡ። ብዙ መናገር አያስፈልግም። «ትላንት የቤት ሥራውን ሠራሽው?» ማለት ይበቃል። በስሟም ጥሯት።

በተውኔቱ ውስጥ ልጅቱ ከመጀመሪያው ገቢር እስከ መጨረሻው ድረስ የምትጠራው በቅጽል ስሟ ብቻ ነው። እውነተኛ ስሟን የምትሰሙት አንድ ጊዜ ነው፤ እርሱም በመጨረሻው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ መጋረጃው ይዘጋል። ከአዳራሹ ስትወጡ ስለ ተዋንያኑ ማማርና አለማማር እንደምትነጋገሩ እናውቃለን፤ ይህም ደስ ይለናል። ነገር ግን ስሟን ይዛችሁልን ውጡ። እኛ የአንዲትን ልጅ ስም ረስተን ቅጽል ስሟን ይዘን ወጥተን ነበርና።

አሁን መጋረጃው ይከፈት፤ መብራቱ ግን እንደ በራ ይቆይ።